የአያ ቢምረው የብራና ክንፍ

ባለፈው ጥቅምት ከአዲስ አበባ ስመለስ ደጀን ላይ አውቶቡሳችን ጎማ ተነፈሰበት። እስኪቀየር እግሬን ላፍታታ ብዬ ወረድሁና አንድ የጭነት መኪና አጠገብ ቆምሁ። ረዳቱ ጭነቱን በሸራ ሸፍኖ፣ ገመዱን በእግሩ እየረገጠ ወጥሮ ከጨረሰ በኋላ ሸራውን በጣቱ መታ አደረገው። ድም አለ። ጆሮውን አስጠግቶ ሌላ ቦታ መታ፤ እዚያም ድም አለ። ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። አብራኝ የነበረችው የልጄ ልጅ “እማማ፣ ምን ሆንሽ?” አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? ከፍየል ቆዳ አውሮፕላን የሠራ ጎረቤት ነበረን ብላት ጃጀች ትለኝ የለም? “ምንም አልሆንሁ” ብያት ተሳፈርሁ። እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ ግን አያ ቢምረው ከዓይኔ አልጠፋም።

መንደራችን በደብረ ወርቅና በቁይ መካከል፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለች ናት። አያ ቢምረው አጥር የምንጋራው ጎረቤታችን ነበር። አያ ብንለውም አንተ እያልን ነበር የምናናግረው፤ አንቱታ ለቄስና ለጭቃ ሹም ነበር። ሥራው ብራና መፋቅ ነው። የፍየል ቆዳ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ያሰነብትና በእንጨት መወጠሪያ ላይ ጥርቅም አድርጎ ወጥሮ፣ ጠጉሩንና ሥጋውን እየፋቀ ቀለም የሚቀበል ነጭ ገጽ ያደርገዋል። ግቢው ሁልጊዜ የረጠበ ቆዳ ይሸታል። ነፋሱ ወደኛ በዞረ ቁጥር እናቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ “ይኸ ሰውዬ በቁሜ ሊገድለኝ ነው” ትላለች። እሱ ካጥሩ ማዶ “መጽሐፉ ሲነበብልሽስ አፍንጫሽን ለምን አትይዥም?” ይላታል። ረጅም፣ ከሲታ፣ ከሰው ጋር ሲያወራ እንኳ በእጁ የገባውን ነገር ሁሉ በጣቱ እየመታ የሚያዳምጥ ሰው ነበር። ሚስቱ በወሊድ ሞታበት ብቻውን ይኖራል። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ግን ግትር ነው። አንድ ነገር ልቡ ከገባ በኋላ ማንም ቢመክረው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

ጣሊያን ማርቆስን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ከየአገሩ ወንዱን እያፈሰ ለአውሮፕላን ማረፊያ ድንጋይ ያስለቅም ጀመር። አያ ቢምረውም ተይዞ ሄደና ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ተመለሰ። እኛ ከስቶና ተጎሳቁሎ ይመጣል ስንል እሱ እቴ፣ መክሳቱንስ ከስቷል፣ ፊቱ ግን የሠርግ ቤት ፊት ነው። ቀጥታ እኛ ቤት ገባ። ጠላ ቀረበለት፤ ሳይቀምሰው ወሬውን ጀመረ።

“አውሮፕላኑን ከቅርብ አየሁት። ክንፉ ብረት አይደለም” አለው አባቴን። “ባላገር ከታች ተኩሶ በስቶታል። አንዱ ነጭ ጨርቅ ቆርጦ ለጠፈበት፤ የሆነ ውኃ ነገር ቀባው፤ ሲደርቅ ጊዜ ጨርቁ ተወጠረ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በጣቱ መታና አዳመጠው። ይኸማ የኔ ሥራ ነው አልሁና ሳቄ አመለጠኝ። ዘበኛው በሰደፍ አለኝ።” ትከሻውን ገልጦ የጠቆረውን አሳየን። አሁንም ይስቃል።

“ሞተሩስ?” አለ አባቴ።

“እሱማ ለማስፈራሪያ ነው።”

ይኸን የተናገረው ሳይቀልድ ነው። ጥንብ አንሣ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ፣ ክንፉን አንዴ ሳያራግብ፣ እየዞረ እየዞረ ሽቅብ ሲወጣ ማንም ያያል፤ ታዲያ ጥንብ አንሣ ሞተር አለው? ጣሊያን ያን ሁሉ ጩኸት የጨመረበት ሰው እንዲሸበር ነው። የሚያነሣው ነፋስና የተወጠረ ቆዳ ነው። እኔ በኋላ ከተማ ገብቼ ብዙ ነገር ሰምቼ፣ ለዚህ ክርክር ደህና መልስ አላገኘሁለትም።

በሳምንቱ ከጓሮው ረጅም ዳስ ጣለ። መንደርተኛው የማን ተዝካር ነው እያለ ይጠይቅ ገባ። ከአገው በኩል ቀርከሃ አስመጣና እየሰነጠቀ፣ በእሳት እያሞቀ እያጎበጠ፣ በጅማት ያሥር ጀመር። ሁለት ክንፍ፣ ከኋላ ጅራት፣ መሐሉ ላይ ሰው በሆዱ ተኝቶ የሚታጠቅበት የጠፍር አልጋ። ክንፉን ለማልበስ ቆዳ ስላስፈለገው ፍየል ያረደ ሁሉ ለሱ ሰጠ። ቀስ በቀስ መንደሩ ሁሉ ድርሻ ያለው ሆነ። የኛ ቀይ ፍየል ከቀኝ ክንፍ ጫፍ ነበረች፤ ለሌሎች ልጆች በኩራት አሳያቸው ነበር። እሱ የሚያስጨንቀው ክብደቱ ነው። ለመጽሐፍ ከሚፋቀው ይልቅ አሳስቶ አሳስቶ፣ ከማዶ እጁ እስኪታይ ድረስ ይፍቀዋል። ከዚያ ወጥሮ ይሰፋዋል፣ በጣቱ ይመታዋል፣ ያዳምጠዋል፤ ድምፁ ካላማረው ፈትቶ እንደገና ይወጥረዋል።

የመጀመሪያው ክረምት አዋረደው። ዳሱ አፈሰሰና ብራናው ረጥቦ ረገበ፤ መስከረም ላይ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ተኮማትሮ የግራውን ክንፍ ቀርከሃ ሰባበረው። “ሠላሳ ዓመት ስፍቅ የኖርሁ ሰው ይኸን አላውቅም?” እያለ ራሱን ሲሰድብ ካጥር ማዶ እሰማው ነበር። እንደ አዲስ ጀመረ። በዚያው ሰሞን አንድ የአርበኛ አለቃ ወሬውን ሰምቶ ሊያይ መጣና “ስንት ቦምብ ይጭናል?” ብሎ ጠየቀው። አያ ቢምረው “እኔን ይጭናል፤ እሱንም ምሳ ካልበላሁ” አለው። አለቃው ተቆጥቶ ሄደ ያሉም አሉ፣ ሲስቅ አየነው ያሉም አሉ።

በዓመቱ ኅዳር ላይ አውሮፕላን መጥቶ በመንደራችን ላይ ቦምብ ጣለ። አንዱ የማርያም ቤተ ክርስቲያናችን ዕቃ ቤት ላይ ወደቀ። ታቦቱን ቄሳችን መምሬ አንማው ይዘውት ወጡ፤ መጻሕፍቱ ግን ተቃጠሉ። ከሁሉ የከበደን ከቅዳሴው ጋር የሚነበበው የእመቤታችን የተአምር መጽሐፍ ነበር። መምሬ አንማው ከልጅነታቸው ጀምሮ ስላነበቡት በቃላቸው ያውቁታል። ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ ባዶ እጃቸውን ቆመው በቃላቸው ይሉት ጀመር። እሳቸው ግን ሽማግሌ ናቸው፤ ከሳቸው በቀር የሚያውቀው ደግሞ የለም።

እንደ ምንም ተለምኖ ከደብረ ወርቅ አንድ ጸሐፊ መጣ። የሚገለበጠውን መጽሐፍ በውሰት ይዞ፣ ቀለሙን ከነሸምበቆ ብዕሩ በከረጢት አንጠልጥሎ ነው የመጣው። ብራና አቅርቡ አለ። ከየት ይምጣ? ፍየሉን ግማሹን ጣሊያን፣ ግማሹን አርበኛው በልቶታል፤ የተረፈውን ሰዉ ወደ ቆላ አሽሽቶታል። በአገሩ ያለ ብራና ሁሉ አያ ቢምረው ዳስ ውስጥ፣ ክንፍ ላይ ተሰፍቶ ነው ያለው።

መምሬ አንማው ራሳቸው መጡ። እኔ ካጥሩ ሥር ቆሜ እሰማለሁ።

“ቢምረው፣ የመጣሁበትን ታውቀዋለህ” አሉ።

“አውቃለሁ፣ አባቴ። አንዴ ልብረርበትና ይውሰዱት።”

“ብትወድቅስ?”

“ብወድቅ ወደቅሁ ነዋ።”

“አንተን አይደለም። አንተንማ ፍትሐት አድርገን እንቀብርሃለን። ብራናውን ነው የምጠይቅህ።”

ሳቅ ሊመጣኝ ነበር፤ እነሱ ግን አልሳቁም። አያ ቢምረው “ሁለት ዓመት ሠራሁት እኮ፣ አባቴ” አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነብኝ። መምሬ አንማው ወጡ። ጸሐፊው እስከ ጥር ማርያም ማግስት ቢጠብቅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ደብር ቃል ገብቷል። አያ ቢምረውም ከዚያ በፊት ለመብረር ቆረጠ። ነፋሱ ግን እምቢ አለው። ሳምንት ሙሉ አፋፉ ላይ ተቀምጦ ሣሩን ሲያይ ዋለ፤ ሣሩ አይነቃነቅም። መንደሩም ለሁለት ተከፈለ። እናቴ ይስጥ ባይ ነበረች፣ አባቴ አንዴ ይሞክር ባይ። እኔን የጠየቀኝ የለም እንጂ እንዲበር ነበር የምፈልገው።

የጥር ማርያም ዕለት መምሬ አንማው ተአምሩን እያሉ መሐል ላይ ቆሙ። ትንፋሽ ሊወስዱ መስሎን ጠበቅን። ከመጀመሪያው ጀመሩና እዚያው ቦታ ሲደርሱ እንደገና ቆሙ። ለሦስተኛ ጊዜ ሞክረው ሲያቅታቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ። አያ ቢምረው ከውጭ፣ ከወንዶቹ ጋር፣ መቋሚያውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። መቋሚያውን በጣቱ አልመታም።

በማግስቱ ፀሐይዋ ከፍ ስትል ነፋሱ መጣ። ከገደሉ ሽቅብ እየተነሣ ሣሩን ሁሉ ወደኛ አስተኛው። አራት ሰዎች አውሮፕላኑን ተሸክመው ከዳሱ አወጡት፤ መንደሩ ተከተለ። አፋፉ ላይ ካለው ቁልቁለት ሲደርሱ አያ ቢምረው አልጋው ላይ በሆዱ ተኝቶ ታጠቀ። ብራናው ነፋሱን ሲያገኝ ድም እያለ ተነፋና ተሸካሚዎቹን ወደ ላይ ይጎትታቸው ጀመር። በግራ በኩል የያዘው ሰው ተረከዙ ከመሬት ለቆ “ኧረ ያዙኝ” አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሊበር ነበር።

ጸሐፊው ከረጢቱን በትከሻው፣ ዱላውን በእጁ ይዞ ለመንገዱ ተነሥቷል። አልፎ ሊሄድ ሲል ቆመ። ወደ ክንፉ ቀረብ ብሎ ብራናውን ዳሰሰው፤ እሱም በጣቱ መታ አደረገና አዳመጠ። “እንዲህ ያለ ብራና በዕድሜዬ አላየሁም” አለ። “ብትሰጠኝ ዛሬውኑ ተቀምጬ እጀምራለሁ። ካልሰጠኸኝ ግን መንገደኛ ነኝ።” መምሬ አንማው ከኋላው ቆመው ነበር። ቀና ብለው አላዩም።

አያ ቢምረው መጀመሪያ ሣሩን አየ። ቀጥሎ ገደሉን አየ። ከዚያ አንገቱን አዙሮ መምሬ አንማውን አየ።

“አውርዱኝ” አለ።

“ምን አልህ?” አሉ ተሸካሚዎቹ።

“አውርዱኝ እንጂ።”

ከአልጋው ወርዶ ምላጭ አስመጣና የቀኙን ክንፍ ስፌት ከጫፉ ጀምሮ ይተረትር ጀመር። ሰዎች ሊያግዙት ቢጠጉ “ማንም እንዳይነካው፣ ትቀዱታላችሁ” አላቸው። እንደዚያ አጎንብሶ እስከ ማታ ሲተረትር ዋለ። እያንዳንዱን ቆዳ ሲያወጣ አጥፎ ለጸሐፊው ይሰጠዋል፤ ጸሐፊው በሁለት እጁ ይቀበለዋል። እኔ ተንሰቅስቄ አለቀስሁ። እናቴ ለመጽሐፉ በደስታ ያለቀስሁ መስሏት አቀፈችኝ። ነፋሱ ቀኑን ሙሉ አልቆመም።

መጽሐፉ ከዓመት በላይ ፈጀና አለቀ። ብራናው ከመሳሳቱ የተነሣ የጀርባው ፊደል ወደፊት ይታያል፤ አንባቢው ሁሉ አንዳንድ ቦታ ሲያደናቅፈው ሰምቻለሁ። በየቅጠሉ ዳር የመርፌ ቀዳዳ ተሰልፏል፤ ጸሐፊው ቀዳዳውን እየዘለለ ነው የጻፈው። እንደ ልማዱም በየተአምሩ መጨረሻ ያጻፈውን ሰው የክርስትና ስም አስገባበት፤ ጸሎቷና በረከቷ ከወዳጇ ከገብረ ኪዳን ጋር ይሁን ይላል። ገብረ ኪዳን አያ ቢምረው ነው። መምሬ አንማው ያን መጽሐፍ ሁለት ዓመት አንብበውበት ሞቱ።

ጣሊያን ወጣ። ፍየሉም ከቆላ ተመለሰ። አሁን ሌላ ይሠራል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ዓይኑ ደክሞ ነበር፤ ብራናውን እንኳ በዳበሳ ነው የሚፍቀው። ቀርከሃውን እናቴ ለሽንኩርት መስቀያ ስትለምነው እሺ ብሎ ሰጣት። እኔ ልዳር ሳምንት ሲቀረኝ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አብረን ሄድን። ያን ዕለትም ስሙ ተጠርቶ፣ ሕዝቡ አሜን ብሎ ነበር።

“አያ ቢምረው፣ ስምህ በየእሑዱ ሲጠራ ደስ አይልህም?” አልሁት።

ትንሽ መንገድ ሄደ።

“ስሜ ምን ያደርግልኛል፣ ልጄ?” አለኝ። “እኔ መብረር ነበር የፈለግሁት።”

ሳያማርር ነው ያለው። ማቄን ጨርቄን የሚል ሰው አልነበረም። ሰጠ፣ አልተጸጸተም፤ ግን መብረሩንም መፈለጉን አልተወም። ሁለቱ አንድ ሰው ውስጥ አብረው መኖር እንደሚችሉ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። እኔ በተዳርሁ በአራተኛው ዓመት ሞተ፤ የተዳርሁት ሩቅ አገር ስለነበር ለቀብሩ አልደረስሁም።

መጽሐፉ ዛሬም ይነበባል። ከአዲስ አበባ በተመለስሁበት ሳምንት ወደ መንደራችን ማርያም ሄጄ አስቀደስሁ። ቅዳሴው ሲያልቅ አንዱን ወጣት ዲያቆን ገብረ ኪዳን ማነው ብዬ ጠየቅሁት። “የጥንት ባላባት ነው፣ እማማ። ለቤተ ክርስቲያኗ መሬት የሰጠ” አለኝ።

“አይደለም” አልሁት። “ብራና ፋቂ ነበር። መብረር ነበር የፈለገው።”

ዲያቆኑ የምቀልድ መስሎት ሳቀ።