ቦታውን አትዝጊበት

ግራ ዓይኔ ውስጥ ዕጢ ተገኝቶ ሐኪሞች ዓይኑን አወጡት። ዓይኑ ግን ከወጣም በኋላ ማየቱን አልተወም። በባዶው ቦታ ብርሃን ብልጭ ይላል፤ ከዚያ የሌለው ዓይን በወስፌ የተወጋ ያህል ያመኛል። ቀኙን ስጨፍን ይጨልማል። የግራውንም ቆብ እጨፍነዋለሁ፤ ብርሃኑ ያለው ግን ከቆቡ በስተጀርባ ስለሆነ ማምለጫ የለኝም።

ሐኪሙ አንጎሌ የዓይኑን መሄድ ገና እንዳልተቀበለ፣ እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ሰው ላይ እንደሚደርስ አስረዳኝ። እኔ ጅሏ፣ ቀበና ቤታችን እንደገባሁ ለእናቴ ነገርኳት፤ ያውም ስለ ብርሃኑ ብቻ። ሕመሙን የደበቅኳት እንዳትጨነቅ ብዬ ነበር።

በማግስቱ እንጦጦ ጠበል ይዛኝ ወጣች። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ዳገቱን እንወጣለን። እኔ በውሃው ብርድ ስንቀጠቀጥ፣ እሷ አጠገቧ ለቆመ ሁሉ የልጇ ዓይን እየተመለሰ መሆኑን ትመሰክራለች። አንድ ቀን የማላውቃቸው ሴቶች ሰምተው እልል አሉ፤ አንዷ ግንባሬን ሳመችኝ። ያን ጊዜ ሕመሙ ጀምሮኝ ነበር። ጥርሴን ነክሼ ፈገግ አልኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ?

ይህንንስ እችለው ነበር። ሰው ሠራሽ ዓይን የሚገጠምልኝ ቀን ሲደርስ ግን እናቴ በሩ ላይ ቆመች።

"የሚመለስበትን ቦታ አትዝጊበት፣ ልጄ።"

ጉድጓዱ ባዶውን ሲቆይ እየጠበበ እንደሚሄድ፣ ኋላ ሰው ሠራሹ ዓይን አልገባ ሊል እንደሚችል ሐኪሙ አስጠንቅቆኝ ነበር። ብነግራት አልሰማ አለችኝ። ቀጠሮው አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ፊቴ በፋሻ እንደታሰረ ወደ ሥራ መመለስ ስላፈርኩ፣ ከቤትና ከጠበል በቀር መሄጃ አጣሁ። ተናደድኩ፤ እሷ ላይ መናደዴም መልሶ አናደደኝ። በመጨረሻ ዋሸኋት።

"እማዬ፣ ብርሃኑ ጠፋ።"

"ጨርሶ?"

"ጨርሶ።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። በቀዶ ጥገናው ቀን እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም። በሳምንቱ ራሷ ሆስፒታል ይዛኝ ሄደች። አዲሱ ዓይን ሲገጠምልኝ አገጬን ይዛ አየችኝና ከቀኙ አይለይም አለች።

ብርሃኑ አሁንም አለ። ትናንት እራት ላይ ከወትሮው ብሶ መጣ፤ እጄ ሳላስበው ወደ ዓይኔ ሄደ። እናቴ መጉረሷን አቁማ ቀና አለች። በተስፋ ነው ያየችኝ።

"ምነው?" አለችኝ።

እጄን ወደ ግንባሬ አሻገርኩት።

"ምንም፣ እማዬ። ጸጉሬን ነው።"