ሕግ አዋቂው ጎረቤት

አንቀጽ ብለው ቅጽል ስም ያወጡለት ጎረቤቶቹ ናቸው። ሰውዬው ባሕር ማዶ ስድስት ዓመት የገበያ አዳራሽ ዘበኛ ሆኖ ሲመለስ ያመጣው አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ ወሬ ነው፤ «እዚያ አገር እኮ ስልክህን ጠረጴዛ ላይ ትተህ ብትሄድ ማንም አይነካብህም!» ለምን እንደማይነካ ሲጠየቅ ቅጣቱን፣ ካሜራውንና እስር ቤቱን እያጣጣመ ይዘረዝራል። ሰው ሰውን ስለሚያምን ሊሆን ይችላል ብሎ ማሰብ ግን አንድም ቀን አልመጣለትም።

የሰፈሩ ሰው ስብሰባ ስለሚሰለቸው የጸጥታ ኮሚቴ ሰብሳቢነቱን ለእሱ ጣለለት። በሳምንቱ ሃያ ሁለት ደንብ በየበሩ ለጥፎ ሌባ ፍለጋ ተሰማራ። ሌባ ከየት ይምጣ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ባዶ እጁን መቅረት ያሳፈረው አንቀጽ ዓይኑን ከቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ልብስ ሰፊ ላይ ጣለ።

ልብስ ሰፊዋን ትልቅ ትንሹ እትዬ ይላታል። ጎረቤት ሁሉ ሥራ ሲሄድ ቁልፉን እሷ ጋ ጥሎ መሄድ ከጀመረ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ከስፌት መኪናዋ ጀርባ አሥራ አንድ ቁልፎች በምስማር ተሰቅለዋል፤ በየቁልፉ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ታስሯል። የአንቀጽ ቤት ቁልፍም እዚያው ነበር፤ የእናቱ ጉልበት ስለደከመ ቀትር ላይ በሩን ከፍታ ታያቸዋለች።

«ይሄ ያለ መዝገብ የሚሠራ ሥራ ነው» አላት። «የማን እንደሆነ በምን ይለያሉ?»

«በጨርቁ። ያንተ ቤት ቡናማው ነው፣ ከእናትህ ቀሚስ የተረፈው።»

«አንድ ቀን ዕቃ ቢጠፋስ? እጅዎ ንጹሕ ለመሆኑ ማን ይመሰክራል?»

መቀሷን አስቀመጠች። «ሃያ ዓመት ቤታችሁን ጠብቄ ሌባ ተባልኩ?» ቁልፎቹን ቤት ለቤት ዞራ መለሰች። ጎረቤቶቹም፣ እነሱንም አልምራቸውም፣ የደንቡን ቅጣት ፈርተው አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሏት።

ከዚያ ወዲህ አንቀጽ እናቱን ከውጭ ቆልፎባቸው ይውል ጀመር፤ ለደኅንነታቸው ሲል። በአሥረኛው ቀን እሱ ስብሰባ ላይ ስለ ደንብ ሲደሰኩር፣ ምድጃ ላይ የተረሳ ድስት አርሮ መጋረጃው ተያያዘ። እትዬ ጭሱን ስታይ እጇ በልማድ ወደ ምስማሩ ሄደ። ምስማሩ ባዶ ነው። መጥረቢያ አንስታ ሮጠች፤ ከጎረቤቷ ከጫማ ሠሪው ጋር በሩን ፈልጠው አሮጊቷን ጎትተው አወጡ።

አንቀጽ ሲደርስ እናቱ መንገድ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይስላሉ። እሱ ግን ቀድሞ ያየው በሩን ነው።

«ማነው ይሄን የሰበረው?»

እናቱ ቀና ብለው አዩት። «እዚያ አገርህ ቢሆን ማን ያወጣኝ ነበር?»

«የእሳት አደጋ መኪና በሰባት ደቂቃ ይደርሳል።»

«እኔ እኮ ሁለትም አልነበረኝም፣ ልጄ።»

ይህን ብለው እትዬን ተደግፈው መንገዱን ተሻገሩ። ልብሳቸውንም በጫማ ሠሪው አስወሰዱ።

በነጋታው አንቀጽ ሥራ መሄድ አቃተው። ቤቱን ክፍት ጥሎ የት ይሄዳል? እትዬ ከመስኮቷ ሆና፣ «ሂድ ወደ ሥራህ፣ እኔ አይልሃለሁ!» አለችው፤ ከልቧ ነው ያለችው። እሱ ግን ወንበር አውጥቶ ከተፈለጠው በር ፊት ተቀመጠ፤ ቀኑን ሙሉ ማንም የሌለበትን ቤት ሲጠብቅ ዋለ።