የሁዳዴው ፍሪዘር

የላቦራቶሪያችን ፍሪዘር የተበላሸው በዐቢይ ጾም መካከል ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን የጀመርኩት እኩዮቼ ልጅ በሚድሩበት ዕድሜ ስለሆነ፣ ካምፓላ ውስጥ አብረውኝ የሚማሩት ልጆች «ማማ» ይሉኛል። ጥናቴ ከውሃ ውስጥ እርሳስን፣ መዳብንና ሌሎች ከባድ ብረቶችን ለቅሞ የሚይዝ ስፖንጅ መሥራት ነበር። ብረቱን የሚለካው መሣሪያ ላይ ወረፋዬ ከፋሲካ በፊት ነው፤ ካለፈኝ እስከሚቀጥለው ሴሚስተር ቁጭ ማለቴ ነው። ስፖንጁ ደግሞ ያለ ፍሪዘር ስፖንጅ አይሆንም።

ሥራው እንዲህ ነው። ሁለት ዓይነት ፖሊመር አሟሙቼ እንደ አጥሚት የወፈረ ፈሳሽ አደርጋለሁ፤ ትሪ ላይ አፍስሼ ሌሊቱን አቀዘቅዘዋለሁ። ውሃው በረዶ ሲሆን ፖሊመሩን ወደ ጎን እየገፋ ያጣብቀዋል። በማግስቱ በረዶው ሲቀልጥ የነበረበት ቦታ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ይህንን ሦስት ሌሊት መደጋገም ያስፈልጋል፤ በአንድ ሌሊት የተሠራው ላላ ነው፣ ውሃ ሲነካው ይፈርሳል።

ባዶ ፍሪዘር ሳስስ ሰነበትኩና አንድ ቀን ሽሮ እየበላሁ አጠገቤ ያለው ትዝ አለኝ። ከሜንጎ ኮረብታ ቁልቁል ሲወርዱ ያለው፣ ሽሮ የምበላበት የእትዬ ምግብ ቤት በሁዳዴ ሥጋ አይሸጥም። የሥጋው ፍሪዘር ተነቅሎ፣ ክዳኑ ላይ የሽንኩርት ኬሻ ተጭኖበት ጓዳ ውስጥ ቆሟል።

«እትዬ፣ ፍሪዘርዎን ለሦስት ሌሊት ቢያውሱኝ? ለትምህርቴ የምሠራው ስፖንጅ አለ። ማታ ይሰካል፣ ጠዋት ይነቀላል።»

«በረዶ አድርገሽ ልታቀልጪው?»

«አዎ።»

«እናንተ የተማራችሁ ሰዎች ሥራ ጠፍቶባችኋል» አሉና ኬሻውን አነሱልኝ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ትሪውን ሳወጣ እትዬ አጠገቤ ቆመው በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።

«አይብ አስመሰልሽው እኮ። ከምንድን ነው?»

«ከፖሊመር» ብዬ ባልፍ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ግማሽ መልስ ግን አይሆንልኝም።

«አንደኛው ፋብሪካ የሚሠራው ነጭ ዱቄት ነው። ሌላው ከሸርጣን ቅርፊት የሚወጣ ነው።»

«ከምን?»

«ከሸርጣን።»

እሳት እንደ ነካው ሰው ጣታቸውን ሰበሰቡ። ከጓዳው በር አጠገብ አንድ የአየር መንገድ ሠራተኛ ምሳውን ይበላ ነበር፤ የዘወትር ደንበኛ ነው፣ ከጆሮው ምንም አያመልጥም።

«እትዬ፣ የጾም ሸርጣን አለ እንዴ? በያይነቱ ላይ ጣል ያድርጉልኛ!»

ቤቱ ሳቀ። እትዬ አልሳቁም።

«ውሰጂልኝ። አሁኑኑ! ሸርጣን በፍስኩስ ቤቴ ገብቶ ያውቃል?»

«አይበላም እኮ፣ እትዬ።»

«ፍሪዘር ውስጥ የሚገባ ሁሉ ይበላል።»

ትሪውን ታቅፌ ቆምኩ። ሁለት ሌሊት ይቀረዋል፤ የማውቀው ሌላ ፍሪዘር የለም። ፊቴን አይተው ይሁን ራሳቸውን ለማረጋጋት አላውቅም፣ አዲስ አበባ ላሉት ለነፍስ አባታቸው ደውለው ስልኩን ስፒከር ላይ አደረጉት። ነገሩን እስከ ሸርጣኑ ድረስ አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው።

«ይበላል?» አሉ አባ።

«አይበላም ትላለች።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«ውሃ ያጠራል ትላለች።»

«ልጄ፣ ውሃ ያጠራ ነገር ምን በደለሽ? ለፋሲካ ፍሪዘሩን በፈላ ውሃ ትጠብልሽ።»

ስልኩ ሲዘጋ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

«አባቴ ፈቅደዋል» አሉ እትዬ፣ ወደ ሰውዬው እየተመለከቱ። «የሱ አፍ ግን አልፈቀደም። ‹ሸርጣን ቤት› ሲለኝ ሊከርም ነው። ውሰጂው።»

«እትዬ ይሙቱ፣ አልልም!»

ከመሄዴ በፊት ቢያንስ ምን እንደሆነ ይዩት ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ለሙከራ የያዝኩትን ጠርሙስ አወጣሁ፤ መዳብ የሟሟበት ሰማያዊ ውሃ ነው። ከስፖንጁ ቆርጬ፣ አጥቤ ከተትኩበትና ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። ወዲያው ምንም አልሆነም። ሰውዬው ሻዩን ጨርሶ ሌላ አዘዘ፤ ሥራው ስንት ሰዓት እንደሚጀምር የጠየቀው አልነበረም። ቀስ በቀስ ስፖንጁ ሰማያዊ እየሆነ፣ ውሃው እየገረጣ መጣ።

«ቀለሙ የት ገባ?» አሉ እትዬ።

«መዳቡ ነው። በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ተጣበቀ።»

«ሸርጣኑ ያዘው በያቸዋ» አለ ሰውዬው። «በጥፍሩ?»

«በቅርፊቱ» አልኩት።

እትዬ ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አነሱት። ፈገግ ሊሉ ነበር፤ ወዲያው ፊታቸው ተቋጠረ። ከስፖንጁ ጠርዝ ነጭ ፍርፋሪ እየለቀቀ ታች ተቀምጧል።

«ይኼማ ፈረሰ!»

«አንድ ሌሊት ብቻ ስላደረ ነው።»

«እና እንዲህ እንደ ሆነ ነው ይዘሽው የምትወጪው? ከኔ ቤት?»

«እርስዎ ውሰጂ ስላሉኝ…»

«ከኔ ጓዳ ያልበሰለ ነገር ወጥቶ አያውቅም።»

ትሪውን ከእጄ ነጠቁኝ። እጃቸውን በፌስታል ጠቅልለው ቢሆንም ራሳቸው ፍሪዘሩ ውስጥ መለሱት። ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞሩ።

«አንተ ደግሞ ያቺ ቃል ካፍህ ብትወጣ፣ ከነገ ጀምሮ ምሳህ መንገድ ዳር ያ ሮሌክስ የሚሉት የቂጣ ጥቅል ነው። ያውም በእንቁላል!»

ሦስተኛው ሌሊት ሲያልፍ ስፖንጁ ጠንክሮ ወጣ። እትዬ እጃቸውን በፌስታል ጠቅልለው ጨመቁት፤ ሲለቁት ቅርጹን ያዘ። «አሁን ሂጂ» አሉኝ። ትሪውን ጭኔ ላይ አድርጌ በቦዳ ሞተር ሳይክል ሄድኩ፤ ሹፌሩን ቀስ በል ስለው አንዴም አልሰማኝም።

የፈተንኩት ከካትዌ ሰፈር የብረት ሥራ ቤቶች ሥር ከሚወርደው ቦይ በቀዳሁት ውሃ ነው። ስፖንጁ ውስጥ ካለፈ በኋላ እርሳሱ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። የላቦራቶሪው ባለሙያ አላመነም፤ ደግሞ ለካው፣ ያው ነው። ኮሪደሩ ላይ ማንም አለመኖሩን አይቼ አንዴ በእስክስታ ትከሻዬን ነቀነቅኩ።

ቅዳም ሹር ጠዋት ፍሪዘሩን በፈላ ውሃ ሳጥብ እትዬ ጥጋጥጉን በጣታቸው እየዳበሱ ያጣራሉ።

«ውጤቱስ?»

«እርሳሱ ወጣልኝ፤ መዳቡም። ካድሚየም የሚባለው ግን ብዙው እዚያው ውሃው ውስጥ ቀረ። ስፖንጁ ላይ ሌላ ነገር ልጨምርበት ይገባኛል።»

እጃቸውን ቀጥ አደረጉ። «ሌላ ነገር ስትይ ከምን?»

«ከባቄላ ገለባ።»

«ተመስገን! እንግዲያው በፍልሰታ ነይ፤ ያኔም ባዶ ነው።»

«የሐዋርያት ጾም ይቀድማል እኮ፣ እትዬ። ሰኔ ላይ…»

«እሱን የሚጾሙት ካህናት ናቸው» አሉ፣ የመጀመሪያዎቹን ዶሮዎች ፍሪዘሩ ውስጥ እየደረደሩ። «ሰኔ ላይ እኔ ሥጋ እሸጣለሁ።»