መጨረሻው አሥራ ስድስት የሆነው ስልክ

ተሻገር ከሰኞ እስከ ዓርብ ዳላስ መሀል ባለ አንድ ትልቅ ቢሮ ሄልፕ ዴስክ ላይ ይሠራል፤ ሥራው ባጭሩ ሰውንና ኮምፒውተሩን ማስታረቅ ነው። እሁድ ደግሞ ዳላስ አጠገብ ዩለስ ከተማ ባለው ቸርች አዳራሽ ጥግ ላይ ያው ሥራ ይቀጥላል። ልዩነቱ እሁድ ደሞዝ የለውም፣ ምርቃት ግን ሞልቷል። የመጨረሻው "አሜን" ከመባሉ ላፕቶፑን ያቀፈ፣ ስልኩን የጨበጠ ሁሉ ይሰለፍለታል። "ተሼ፣ ምንም ሳልነካው ነው የተበላሸው!" ይላሉ ሁሉም። አቤት ውሸት! ለዚያውም ቸርች ውስጥ! እሱ ግን አይከራከርም። "እስቲ አጥፉትና አብሩት" ይላል፤ ከአሥሩ ስድስቱ በዚህ ይድናል። ለቀሩት ከየግሩፑ ወርዶ ስልካቸውን ያጨናነቀውን ቪዲዮ ይሰርዝላቸዋል፤ "ኮምፒውተርዎ ቫይረስ ይዞታል፣ አሁኑኑ ይደውሉ" የሚለውን ማስፈራሪያ ይዘጋላቸውና "እንዳትደውሉ!" ብሎ ይቆጣል። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የምትለዋ ተረት ከአፉ አትጠፋም።

ባለፈው እሁድ ታዲያ፣ ሁልጊዜ ተራዋን የምትጠብቀው እህት አረጋሽ ሰልፉን ሰንጥቃ መጣች። አረጋሽ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ፣ ሳቂታ ሴት ናት። የዚያን ቀን ግን ፊቷ አመድ መስሏል።

"ተሼ፣ ጉድ ሆንኩልህ!"

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ያለችው ልጇ ሐዳሳ ሰባት ዓመት ጠብቃ የቪዛ ቀጠሮ ደርሷታል። ደብዳቤው የመጣው በእናትየዋ ኢሜል ነው፤ እስከ እሁድ እኩለ ሌሊት በዚያው ኢሜል "ትቀርባለች" ብላ ካልመለሰች ቀጠሮው ለሌላ ሰው ይሰጣል። አረጋሽ ዓርብ ዕለት አንብባው "እንግሊዝኛዬ እንዳያዋርደኝ፣ እሁድ ተሼ ይጽፍልኛል" ብላ አቆየችው። ቅዳሜ ስልኳን ቀየረች፣ አሮጌውን ለሱቁ አስረከበች። አዲሱ ስልክ ደግሞ ኢሜሉን ከመክፈቱ በፊት ፓስወርድ ጠየቃት።

"ፓስወርዱን አታውቂውም?" አላት ተሻገር።

"እኔ በምን አውቄ! ኢሜሉን የከፈቱልኝ ጋሽ እንግዳ ናቸው፤ የመጣሁ ቀን፣ ኤርፖርት ፓርኪንግ ውስጥ።"

"ግድ የለም፣ የማረጋገጫ ኮድ በስልክ እናስልካለን። እኩለ ሌሊት ድረስ ጊዜ አለን።"

"በአዲስ አበባ ሰዓት ነው የሚለው።"

"ምን? እሱ እኮ እዚህ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው!" ተሻገር ሰዓቱን አየ። ስምንት ሊሆን ነው። ቶሎ ብሎ ኮድ የሚያስልከውን ቦታ ነካው። ስክሪኑ ላይ "መጨረሻው 16 ወደሆነው ስልክ ኮድ እንላክ?" የሚል ጥያቄ መጣ። የአረጋሽ ቁጥር መጨረሻው አሥራ ስድስት አይደለም። ተሻገር ግን ያንን አሥራ ስድስት ያውቀዋል፤ የጋሽ እንግዳ ነው።

ጋሽ እንግዳ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የኤርፖርት ሻትል የነዱ ሰው ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ዘመድ ያለውንም የሌለውንም፣ አዲስ መጪ ሁሉ የሚቀበሉት እሳቸው ነበሩ። ሻንጣ ይጭኑና መኪናውን ሳያስነሱ በመጀመሪያ ኢሜል ይከፍቱለታል። "ኢሜል የሌለው ሰው ገና አሜሪካ አልገባም፤ ሥራው በሱ፣ ወረቀቱ በሱ" ይላሉ። ኢሜሉ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ በዚያች ሰዓት መኪናው ውስጥ ስልክ ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። እናላችሁ፣ የሁሉም ቁጥር የእሳቸው ሆኖ ቀረ። ተሻገርም ከአሥራ አራት ዓመት በፊት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጧል። የመጀመሪያ ሥራውን ያመለከተው በዚያች ኢሜል ነው።

ያስደነገጠው ግን ሌላ ነገር ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የጋሽ እንግዳ ልጅ ሐሴት ደውላለት ነበር። "ተሼ፣ ዳዲ ሁለት ስልክ አለው። ያንን ኦልድ፣ የሚታጠፈውን፣ ካንስል ላድርገው?" አለችው። እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ "እንዴታ! የአርባ ሰው ኢሜል በአንድ አሮጌ ስልክ! ሪስክ ነው፣ ዛሬ ነገ ሳትዪ አዘጊው" አላት። ባለኢሜሎቹ መጀመሪያ ቁጥራቸውን ይቀይሩ ማለት ግን ጭራሽ ትዝ አላለውም። አዋቂ ነኝ ባይ!

ወዲያው ሐሴት ጋ ደወለ።

"ለስልክ ካምፓኒው ኮል አድርጌላቸው ነበር፤ ማለቴ፣ የተዘጋ ይመስለኛል፣ ሹር አይደለሁም" አለችው። "እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ዳዲ ደግሞ ስልክ ሲጠራ አይሰማም። ሶ፣ ቤት ሂድ።"

አረጋሽን ይዞ ጋሽ እንግዳ ወደሚኖሩበት ወደ ሌክ ሃይላንድስ ከነፈ። እሷ ጎኑ ሆና "ጌታ ሆይ፣ የልጄን ነገር" እያለች ትጸልያለች። መንገዱ ሲጋመስ አላስቻለውም።

"እህት አረጋሽ፣ ስልኩ ተዘግቶ ከሆነ፣ ያዘጋሁት እኔ ነኝ።"

ጸሎቱ ተቋረጠ። አረጋሽ ዞራ አየችው።

"ንዳ ብቻ" አለችው።

ጋሽ እንግዳ በሩን በከዘራቸው ገፋ አድርገው ከፈቱ። "ጋሼ፣ ያ አሮጌ ስልክዎ አለ?" አለ ተሻገር ሰላምታውን እንኳን ሳይጨርስ። "ምን አልክ?" አሉ። ጮኾ ደገመላቸው። እግራቸውን እየጎተቱ ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ። ሽማግሌው ሲመለሱ የሚታጠፈውን ስልክ ከነቻርጀሩ፣ አንድ ደብተር ደርበው ይዘዋል።

"ሐሴት ልታዘጋው ነበር" አሉ ቅር ብሏቸው። "ተሻገር ነው ያለኝ አለች። እኔም ለካምፓኒው መልሼ ደወልኩና በዚያች በእንግሊዝኛዬ 'ኖ ክሎዝ! ሜኒ ፒፕል!' አልኳቸው።"

"እና አልተዘጋም?"

"የአርባ ሰው አደራ ይዤ? በስተርጅናዬ አደራ በላ ልሁን?"

ተሻገር ዓይኑ እንባ ሞልቶ ኮዱን አስላከ። ሦስቱም ስልኩን ከበው ቆሙ። ነዘረ! ጋሽ እንግዳ መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን መጀመሪያ ደብተራቸው ላይ ጻፉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ጮክ ብለው አነበቡ። ኢሜሉ ተከፈተ። ተሻገር ሁለት መስመር ጻፈና "አንቺ ላኪው" አላት። አረጋሽ በአውራ ጣቷ ነካችው። ለአሥር ሰዓት ሃያ አምስት ደቂቃ ሲቀር "ተቀብለናል" የሚል መልስ መጣ። እልልታዋን አቀለጠችው፤ ደንቆሮም ይሰማዋል። ጋሽ እንግዳ ጉልበት ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ያዟት።

"ተነሺ እባክሽ! እኔ ምን አደረግኩ? ስልክ ቻርጅ ማድረግም ሥራ ሆኖ?"

ተሻገር ደብተሩን ገለጠው። አርባ ስም ከነስልክ ቁጥሩ ተጽፏል። ኮድ ሲመጣ የማን እንደሆነ አይናገርማ፤ ሽማግሌው ከላይ ጀምረው "ኮድ የጠየቅከው አንተ ነህ?" እያሉ ለሁሉም ይደውላሉ። ባለቤቱ እስኪገኝ ኮዱ ጊዜው ካለፈበት "ድገም" ይሉታል። ይህንን ስንት ዓመት ሲያደርጉ ኖረዋል!

"ይቅር ይበሉኝ ጋሼ" አለ። "ከመጪው እሁድ ጀምሬ አንድ በአንድ ወደየራሳቸው ቁጥር አዛውራቸዋለሁ፤ እርስዎም ያርፋሉ። የእርስዎ ኢሜል የትኛው ነው? ከሱ ልጀምር።"

"የኔ? እኔ ምን ኢሜል አለኝ!"

"ለአርባ ሰው ከፍተው?"

"እኔን ኤርፖርት የተቀበለኝ ሰው አልነበረማ" አሉ፤ ቅሬታ የለበትም፣ እንደ ቀልድ ነው ያሉት።

ተሻገር ላፕቶፑን ከቦርሳው አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ስማቸውን ሞላ፣ የትውልድ ዘመናቸውን ጠየቀና ሞላ። ከዚያ ስልክ ቁጥር ላይ ደረሰ። በሥራው ደንብ ቁጥሩ የባለቤቱ መሆን አለበት፤ ሰውን ሁሉ የሚቆጣበትም እሱው ነው።

"የኔ ስልክ የሰው አደራ በዝቶበታል" አሉ ጋሽ እንግዳ። "ያንተን አድርግ።"

የራሱን ቁጥር ጻፈ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነዘረ፤ አወጣና ኮዱን እንደ እሳቸው አንድ በአንድ፣ ጮክ ብሎ አነበበ። ኢሜሉ ተከፈተ፤ ውስጡ ባዶ፣ ንጹሕ ነው።

"እንኳን ደህና ገቡ፣ ጋሼ" አላቸው።