ሰሜን የሌለበት ክፍል

ዋጊየም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው አንሶላ አጥባለች። ዮግያካርታ መሀል ከተማ ባለ አንድ ሆቴል፣ ከምድር በታች፣ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ። አሁን አሁን ቀኝ ትከሻዋ አድሞ ከጡቷ በላይ አልነሳም ብሏል። ዘይት ቢያሹት፣ ጎረቤቶቿ ጀርባዋን በሳንቲም እስኪቀላ ቢፍቁላት፣ ወይ ፍንክች። ሐኪሙም ያላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እርጥብ ጨርቅ ማንሳት ይብቃሽ።»

እሱ ምን አለበት፤ መናገር ቀላል ነው። እርጥብ ጨርቅ የማይነሳበት ሥራ በሆቴሉ ውስጥ የተከፈተው አንድ ብቻ ነበር፤ የአራተኛ ፎቅ የፎጣና የአንሶላ ጠባቂ። ደረቁን፣ የታጠፈውን ማደል ነው። እንግዳ ብቅ ብሎ ሲጠይቅ ደግሞ መመለስ። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ እንግዳ ስለሚጠይቅ ሥራው የእንግሊዝኛ ፈተና አለው፤ ከሃያ ጥያቄ አሥራ አራት ያላገኘ እዚያው ከምድር በታች ይቀራል።

ፎጣ፣ ሳሙና፣ ትራስ፣ የነገሩን ሁሉ ስም ታውቀዋለች። ያደከሟት ትንንሾቹ ናቸው፤ ኢን፣ ኦን፣ አት የሚባሉት። በአገሯ አፍ «ዲ» የምትል አንዲት ቃል ለሳጥን ውስጥም፣ ለጠረጴዛ ላይም፣ ለበር አጠገብም ታገለግላለች፤ በአንድ ጭልፋ ከድስቱ ሁሉ እንደመጭለፍ። እንግሊዞች ግን ለየድስቱ ጭልፋ ቀርጸዋል። «ሌላ ሥራ የላቸውም እንዴ?» ትላለች ዋጊየም።

ሦስት ወር ያጠናችው አንሶላ እያጠፈች ነው። ሌላውን ጫፍ የምትይዘው ባልደረባዋ ሱፕራፕቲ የሥዕል ካርዶቹን ወገቧ ላይ ሸጉጣ ትጠይቃታለች።

«ድመቷ የት ናት?»

«አልጋው ሥር። አንደር።»

«ወፏስ?»

«ኦን... ኧረ ተይኝ፣ ደከመኝ።»

«አንዲት ድመትና አንዲት ወፍ ናቸው ያደከሙሽ? ሦስት ወር ድመትሽን ወገቤ ላይ የተሸከምኩት እኔ! ብቻ ከወደቅሽ ለሥራው ድመቷን ነው የማስቀጥራት፤ እሷ ቢያንስ የት እንዳለች ታውቃለች።»

የፈተናው ዕለት ጠዋት ሦስት መተላለፊያ አዟዙረው መስኮት የሌለው የስብሰባ ክፍል አስገቧት። ፈታኟ ሊንታንግ ከጃካርታ የመጣች የሥልጠና ኃላፊ ናት፤ ገና ሠላሳ አልሞላትም። ለትልቅ ሴት እንደሚገባው «ቡ ዋጊየም፣ ይቀመጡ» ብላ ወንበር ሳበችላት። ከዚያ በኋላ ሁሉም በእንግሊዝኛ ሆነ።

መጀመሪያ ሥዕሎቹ መጡ። ድመቷም ነበረች፣ አልጋው ሥር። ከአሥር ዘጠኝ አገኘች። ቀጥሎ ሊንታንግ ጠረጴዛው ላይ ሰፊ ትሪ አስቀምጣ ሳሙና፣ ብርጭቆ፣ መጽሐፍና ፎጣ ደረደረችበት።

«ሳሙናው የት ነው?»

የዋጊየም ዓይን መስኮት ፈለገ። ዮግያካርታ ውስጥ ሰው ሳሙና የት እንዳለ ሲነግርህ ግራና ቀኝ አይልህም፤ ከሳህኑ በምሥራቅ፣ ከባልዲው በደቡብ ይልሃል። መራፒ ተራራ በሰሜን፣ ባሕሩ በደቡብ፤ ዕቃ ሁሉ በእነሱ መሀል ነው የሚቀመጠው። ቂል ሲሰድቡ እንኳ «ሰሜን ደቡቡን የማያውቅ» ነው የሚሉት። በማጠቢያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ እጅ የምታህል መስኮት አለች፤ ዋጊየም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደቡብን በእሷ ስታውቅ ኖራለች። እዚህ ግን አራቱም ግድግዳ አንድ ዓይነት ነጭ ነው። ሳሙናው ውሃ ላይ እንደተጣለ ቅጠል ዋለለባት፤ ራሷንም አዞራት። ላይ ያለውን ውስጥ አለች፣ ውስጥ ያለውን ሥር አለች። አራት ጥያቄ ተከታትሎ ገደል ገባ።

ሊንታንግ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አሞዎት ነው እንዴ፣ ቡ?» አለች፣ እንግሊዝኛውን ትታ።

«አላመመኝም የኔ እመቤት። መራፒ በየት በኩል ነው?»

«ተራራው? እሱ ምን ያደርግልዎታል?»

«እሱን ካላገኘሁ ሳሙናውን አላገኘውም።»

ሊንታንግ የምትስቅ መሰለች፤ ግን አልሳቀችም። ስልኳን አውጥታ አቅጣጫ መፈለግ ጀመረች፤ ግድግዳው ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ እየሳበው የስልኩ መርፌ እንደ ሰካራም ዞረ።

«እኔም ጠፋኝ» አለች። «ፈተናው ከዚህ ክፍል አይውጣ የሚል ደንብ ግን አላየሁም።» ዋጊየም ትሪውን ልታነሳ ስትጎነበስ የትከሻዋን ነገር አይታ ቀደመቻት። ፈታኟ ትሪ ተሸክማ፣ ተፈታኟ ባዶ እጇን፣ በአሳንሰር አራተኛ ፎቅ ወጡ። ባዶ ክፍል ከፍተው ገቡ። ዋጊየም መጋረጃውን ገለጠች። መራፒን ደመና ውጦታል፤ ግን የት እንደተዋጠ ታውቃለች። ፊቷን ወደዚያው አዞረች፣ እግሯን ተከለች።

«በሉ ይጠይቁኝ።»

ስድስት ጥያቄ ቀርቶ ነበር። አንዱን ሳተች።

«አሥራ አራት» አለች ሊንታንግ። «ለጥቂት ነው ያለፉት፣ ቡ። ብቻ እንግዳውን ‹ፎጣህ ከመብራቱ በሰሜን ነው› እንዳይሉብኝ።»

«አልለውም። መደርደሪያው ላይ ነው እለዋለሁ። ሰሜኑን ለራሴ እይዘዋለሁ።»

የተነጠፈውን አልጋ አየችው። እግሯ ውስጥ የተጠራቀመው ድካም ትንሽ ተቀመጪ አላት፤ ግን የእንግዳ አልጋ ነው። አዲሱ ሥራ የሚጀምረው ሰኞ፣ ዛሬ ደግሞ ሐሙስ። ተመልሳ ወረደች።

«እህስ?» አለች ሱፕራፕቲ ገና ከበሩ።

«አሥራ አራት።»

«ድመቷ ሥራ አጣች በይኛ!»

ዋጊየም ልትስቅ ፈለገች፤ ሳቁም ደክሞት መንገድ ላይ ቀረ። ቅርጫቱ ውስጥ አርባ አንሶላ ተቆልሏል። የላይኛውን በግራ እጇ ሳብ አድርጋ አንዱን ጫፍ ለሱፕራፕቲ ሰጠቻት።

«ትንሽ ወደ ምዕራብ» አለች።

ሱፕራፕቲ አንድ እርምጃ ወደ ምዕራብ ሄደች። አንሶላው ተወጠረ።