የዘሀራ ስፌቶችና የታጁራ ባሕር

ዘሀራ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ የስንደዶ ስፌት እየሰፋች ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። ባሏ ሲሞት ልጇ ሪሃና ገና ዳዴ ትል ነበር። ልጅቷ አድጋ ጅቡቲ አገር፣ ባሕር ዳር ያለችው ታጁራ የሚኖር ነጋዴ ሲያገባት፣ ዘሀራ የግድግዳ ስፌቶቿን ተሸክማ እስከ ጅቡቲ ወረደች፤ በገዛ እጇም ሰቀለችላት። የሙሽራ ቤት ያለ ስፌት ቤት ይባላል እንዴ!

ነገር የተበላሸው በዚያው ሰሞን ነው። አመሻሽ ላይ ባሕሩ እየተንፏቀቀ መጥቶ የበሩን ደረጃ ነካ። ዘሀራ የምታውቀው የሐረርን ጎርፍ ነው፤ እሱ ደግሞ ያገኘውን ጠራርጎ ይሄዳል እንጂ ወደ መጣበት አይመለስም። «ያ ረቢ!» ብላ ስፌቶቹን ከግድግዳ አወረደች። ጠዋት ውሃው ርቆ አሸዋው ቢታይም አላመነችም፤ ስፌቶቹን ጠቅልላ ሐረር ገባች። የሙሽራው ዘመዶች ትዳሩን የናቀች መሰላቸው። ሪሃና በስልክ ብታለቅስ፣ «ወይ ትመጫለሽ፣ ወይ መጥቼ እወስድሻለሁ» አለቻት።

ይህን ሁሉ ያወራችው ለጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ነው። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወረድ ብሎ ልብስ ይሰፋሉ። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ባሕር አላዩም። ሌላ ሰው ቢሆን ሆዱን ይዞ በሳቀ ነበር፤ እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው አዳመጧት።

«ያን ዕለት ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች?»

«ወላሂ፣ ሙሉ ነበረች።»

የቀሚስ ላስቲክ አወጡና ሦስት ቦታ ቋጠሩት። «የፊተኛው ቋጠሮ በጨረቃ በኩል ያለው ውሃ ነው፤ መሀለኛው ምድር፤ የኋለኛው ከምድር ጀርባ ያለው ውሃ። ጨረቃዋ እርስዎ ነዎት፤ ይሳቡ።» ሌላውን ጫፍ እሳቸው ያዙ።

ሳበች። የፊተኛው ወደ እሷ ብዙ ተጠጋ፣ መሀለኛው በመጠኑ፤ የኋለኛው ወደ ኋላ ቀረ።

«አዩ? ቅርቡን አጥብቃ ትስባለች፣ ሩቁን ላላ አድርጋ። የፊቱ ውሃ ከምድር ይቀድማል፣ የጀርባው ከምድር ወደ ኋላ ይቀራል፤ ስለዚህ ውሃው በፊትም በጀርባም ያብጣል። ምድር ስትዞር ታጁራ በሁለቱም በኩል ታልፋለች፤ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ፀሐይም አብራ ስለምትስብ ከፍ ይላል፤ ግማሽ ስትሆን ረገብ ይላል።»

«ከደረጃውስ አያልፍም?»

«ማዕበል ካልገፋው አያልፍም። ደረጃውን የሠሩት ሰዎች እኮ ልኩን አይተው ነው።»

ዘሀራ ላስቲኩን ለቀቅ አድርጋ ደግማ ሳበችው። ጾሙንም ዒዱንም በጨረቃ ስትቆጥር ኖራ፣ ያችው ጨረቃ የልጇን ደጅ እንደምታንኳኳ አለማወቋ ከነከናት።

ጨረቃ ዳግም ስትሞላ ለሪሃና ደወለች። «ውሃው መጣ?»

«መጥቶ ሄደ እማ። ልጆች አሸዋው ላይ ኳስ እየተጫወቱ ነው።»

ዘሀራ ስልኩን እንደያዘች አለቀሰች። የፈራችው ባሕሩን ብቻ አልነበረም፤ ልጄም እንደ ጎርፉ ሄዳ ቀረች ብላ ነበር።

በነጋታው ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ዘንድ ሄዳ ለስፌቶቹ የጨርቅ ከረጢት አሰፋች። «ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ይሂዱ፤ ባሕሩ ረጋ ይላል» አሏት።

«የለም ጋሼ፤ ሙሉ ስትሆን ነው የምሄደው። ስፌቶቼን ሰቅዬ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ባሕሩ ወደ መጣበት ሲመለስ ላየው ነው።»

«እንግዲያስ ለእኔም ይዩልኝ» አሉና ክሩን ለመበጠስ አጎነበሱ፤ ቶሎ ግን ቀና አላሉም።