በሬው ቤተ መጻሕፍት የገባ ዕለት

ጀሞ፣ እናቴ ዕጣ ደርሷት በገባንበት ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ፣ ኮሙናል የምንለው የጋራ ቤት አለ። የተሠራው ለእርድ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለለቅሶ መቀመጫ ነው። የምድር ቤቱ ወለል ደም እንዲወርድበት ወደ መሃል ዘቅዘቅ ብሎ፣ መሃሉ ላይ የፍሳሽ ቀዳዳ አለው። እኛ ቀዳዳውን በምንጣፍ ሸፍነን፣ ግድግዳውን በመደርደሪያ ከበን ቤተ መጻሕፍት አደረግነው። እኛ ስል፣ የግቢው ኮሚቴ ፈቀደና ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ ማለቴ ነው። ለቡ አንድ የግል ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ ከሥራ መልስና ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱን የምከፍተው እኔ ነበርኩ።

መጻሕፍቱ ጥቂት ስለነበሩ ልጆቹ ቶሎ ጨረሷቸው። እንዳይበተኑብኝ ብዬ ዝግጅት ማሰናዳት ጀመርኩ፤ አንድ ቅዳሜ ተረት፣ ሌላ ቅዳሜ ግጥም፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ሙዚቃ። ማስታወቂያውን በእጄ ጽፌ ግቢው በር ላይ እለጥፋለሁ፣ በግቢያችን የቴሌግራም ግሩፕም እልካለሁ። ለሙዚቃው ቀን ወላጆችም ይመጡ ነበር። ክራር የምትጫወትልን ሀና ማርያም አካባቢ ፀጉር ቤት የምትሠራ ወጣት ናት። ከአባቷ ነው የተማረችው። ሹሩባ ስትሠራ የዋለችበት ጣት ክር ላይ ሲሮጥ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩዋታል።

ታላቅ ወንድሜ ይህን ሁሉ አልወደደውም። የገልባጭ መኪና ሹፌር ነው፤ የግቢው የቅርጫ ማኅበር መሪም እሱ ነበር። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ትቶ አሸዋ መጫን የጀመረው እኔ እንድማር ነው። ይህን እናቴ በየጊዜው ታስታውሰኛለች፣ እኔም አልክድም። አሳድጎኛል። መትቶኛልም። እኛ ቤት ግን «መታት» አይባልም፤ «ተቆጣ» ነው የሚባለው። ደብተር ጠፋ ብሎ ተቆጣ፣ አመሸሽ ብሎ ተቆጣ፣ መልስ ሰጠሽኝ ብሎ ተቆጣ። አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ እንኳ፣ ዓይኔ አብጦ ክፍል የገባሁበት ቀን አለ። ለተማሪዎቼ ደረጃ ላይ ወደቅኩ አልኳቸው።

ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የክራርና የልጆች ግጥም ዝግጅት ለጠፍኩ። ባለ ቅርጫዎቹ ደግሞ በሬያቸውን የሚያርዱት በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ከቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ነበር። በዚህ ተስማምተን ነበር። ነገሩን ያበላሸው አራጁ ነው ማለት ይቻላል። በዓል ስለሆነ ብዙ ግቢ ይጠብቀዋል፣ ጠዋት ላይ እንደማይደርስላቸው ነግሯቸው በዋዜማው መጣ። እሱ ሲመጣ ዝናቡም መጣ። የጳጉሜን ዝናብ ነው፣ መሬቱን ጭቃ አደረገው። በሬውን ለጊዜው የልብስ ማስጫው ብረት ላይ አሰሩትና፣ ቤት ውስጥ ልናርድ ነው ብለው ወደ እኛ መጡ።

እኛ ዝግጅቱን መጀመራችን ነበር። ክፍሉ በልጆች ሞልቷል፤ ትልልቆቹ ወንበር ላይ፣ ትንንሾቹ ምንጣፉ ላይ። ባለ ክራሯ ደንበኞቿን የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሥር አስቀምጣ ነው የመጣችው፤ ልብሷ የፀጉር ቅባት ይሸታል። ከጎረቤት የተዋስነው ስፒከር ከነማይኩ ጥግ ላይ ቆሟል። ወንድሜ የላሜራውን በር ገፍቶ ሲገባ ከኋላው ባለ ቅርጫዎቹ ዝናብ እየመታቸው፣ ቢላዋና ሳፋ ይዘው ቆመዋል።

መጀመሪያ ላይ ድምፁን አልጨመረም። አራጁ እንደማይቆይ ነገረኝ፣ ልጆቹን ወደየቤታቸው እንድሰድ ጠየቀኝ። ልጆቹ ለሳምንታት የተለማመዱትን እንኳ ሳይሉ እንዳላስወጣቸው ለመንኩት። ቤቱ ለእርድ እንጂ ለወረቀት እንዳልተሠራ ነገረኝ። እሱም አልዋሸም።

«ትንሽ ጊዜ ስጠኝ፣ ጋሼ» አልኩት። «ይጨርሱና ራሴ ምንጣፉን አነሳለሁ።»

ይህኔ ከኋላው ካሉት አንዱ ሳቅ አለና፣ «እህትህም እሺ አትልህም እንዴ?» አለው። ነገሩ ቀልድ ነበር። የወንድሜ አንገት ሲቀላ አየሁና ምን እንደሚከተል አወቅኩ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ ነበር፤ አልበቃኝም።

በቡጢ አፌን መታኝ። ጥርሴ ከንፈሬን በሳው፣ ከወንበሩ ጋር ወደቅኩ። ሁለተኛውን ጎኔን ነው ያገኘው፤ በእግሩ። ልጆች ፊት መትቶኝ አያውቅም ነበር። አንዷ ተማሪዬ ስሜን ሳይሆን «ቲቸር፣ ቲቸር» እያለች ስትጮህ ይሰማኛል። ከውጭ የቆሙት ሰዎች አልገቡም። የወንድምና የእህት ጉዳይ ነው ብለው ይሆናል።

የገባችው ባለ ክራሯ ናት። በመካከላችን ቆማ ክራሯን እንደ ጋሻ ከፊቷ ያዘች፤ እንዲወጣ ነገረችው። ነጥቋት መደርደሪያው ጠርዝ ላይ አጋጨው። እንጨቱ ሲሰበር ክሮቹ ተራ በተራ ሲበጠሱ ሰማሁ፤ አንዱ ክር ጉንጯን ቀደደው። አሁንም አልበቃውም፤ ስፒከሩን በእርግጫ ጣለው። ማይኩ እላዩ ላይ ወደቀና ጆሮ የሚሰነጥቅ ፉጨት ግቢውን ሁሉ ሞላው።

በሬው የደነገጠው በዚያ ነው። ያሰሩበት ብረት ሥሩ ዝጎ ኖሮ ከነሲሚንቶው ነቅሎት ተነሳ። የግቢው በር ዝግ ነበር። ሰዎቹ ከበራችን ተበትነው እየጮሁ በግቢው በር በኩል ሊከቡት ሲሮጡ በሬው ከእነሱ ሸሸ፤ ከፊቱ የተከፈተ በር አንድ ብቻ ነበር፣ የእኛ። ብረቱን በገመዱ እየጎተተ ገባ።

ክፍል ውስጥ ያለ በሬ ሜዳ ላይ ካለው እጥፍ ይሆናል። ወለሉ ላይ ሰኮናው ተንሸራተተና በደረቱ የፊቱን ወንበሮች ፈጨ። ልጆቹ ሁሉ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ተጠጉ። መስኮቶቹ ፍርግርግ አላቸው። ያለን መውጫ ወደ ልብስ ማጠቢያው የምታሳልፍ ጠባብ በር ነበረች፣ እሷንም መደርደሪያ አስጠግተንባት ነበር።

ወንድሜ ለበሩ ከሁላችንም የቀረበ ነበር። ዞር ብሎ ቢወጣ ኖሮ ማንም አይወቅሰውም። አልወጣም። ከጎን ዘሎ ሁለቱንም ቀንዶች ያዘና አንገቱን ወደ ግድግዳው ጠመዘዘ።

«ልጆቹን አውጪ» አለኝ። «ቶሎ በይ።»

ተነሳሁ። እንዴት እንደተነሳሁ አላስታውስም። ከባለ ክራሯ ጋር መደርደሪያውን ስንጎትት መጻሕፍቱ ጭንቅላታችን ላይ ይዘንቡ ነበር። መደርደሪያው ወለሉ ላይ ተቸክሎ እምቢ አለን፤ ትልልቆቹ ተማሪዎች አገዙንና ተገለበጠ። በሯ ተከፈተች። ትንንሾቹን በብብታቸው እያነሳን ወረወርናቸው ማለት ይቀላል። አንዱን ልጅ ክንዱን አጥብቄ ከመያዜ የተነሳ ጥፍሬ ሥጋው ውስጥ ገባ።

ኋላዬን ባየሁ ቁጥር ወንድሜ እዚያው ነው። በሬው ከመሬት አንስቶት ከመደርደሪያው ጋር ያላትመዋል፣ እሱ ቀንዱን አይለቅም። ሲያቃስት ይሰማል። አንድ ጊዜ እጁ ተንሸራተተ። በሬው ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ሲያነሳው ቀንዱ የወንድሜ ጭን ውስጥ ገብቶ ነበር። ወንድሜ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ሲጮህም ግን በቀረው እጁ የበሬውን አንገት አቅፎ ይዞ ነበር።

አራጁ ሽማግሌ ነገር ነው። በሩ ላይ የነበሩትን ገፍቶ ገባና ከበሬው ጎን ተለጥፎ፣ ቢላዋውን ከጉሮሮው ሥር ሰደደው። አንዴ አይደለም፤ ደጋገመ። በሬው ጉልበቱ ሲከዳው ወንድሜን ይዞት ወደቀ። ደሙ እንደ ባልዲ ውሃ ፊታችን ላይ ተረጨ፣ የግጥሙን ወረቀት፣ መጻሕፍቱን፣ የተሰበረውን ክራር አለበሰ። ከዚያ ቁልቁለቱን ይዞ በምንጣፉ ሥር ወደ ቀዳዳው ይወርድ ጀመር፤ ሲንቆረቆር ይሰማ ነበር።

ወንድሜን ከሥሩ ጎትተው አወጡት። ነጠላዬን ጠምዝዤ ጭኑን ከላይ አሰርኩት፣ በጎረቤት ሚኒባስ ወደ ሆስፒታል ወሰድነው። መንገዱን ሁሉ ቁስሉን በሁለት እጄ ተጭኜ ነበር። እሱ ጣሪያውን ያያል። የኔ ከንፈር ደም ደረቱ ላይ ሲንጠባጠብ በእጁ ጠረገው።

ድንገተኛ ክፍል ነርሷ አፌን አየችና እኔንም በሬው መትቶኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከንፈሬ አብጦ ቃል እስካወጣ ድረስ፣ አብሮን የመጣው ጎረቤት፣ ቀደም ሲል የቀለደው ሰውዬ፣ መለሰላት።

«አዎ፣ በሬው ነው» አላት።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነገሩ እንደዚያ ሆነ። ወደ ግቢው ስመለስ አራጁ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ሲያርድ በስመ አብ ብሏል ወይስ አላለም የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር አሉ፤ እሱ በሆዴ ብያለሁ ስላለ ሥጋውን መድበው ተካፈሉ። የኛን መደብ ለእናቴ አምጥተውላት ነበር። በአዲስ ዓመት ጠዋት ሰው ሁሉ እየመጣ እናቴን እንኳን ማረልሽ፣ ጀግና ወልደሻል ይላታል። የልጆቹ ወላጆች እያለቀሱ እጇን ይስማሉ። እኔንም እንኳን በሬው ዓይንሽን አላገኘው ይሉኛል። ከበሩ ውጭ ቆመው ሁሉን ያዩትም እንደዚያው አሉኝ፣ ዓይኔን እያዩ። ስለ ክራሩ የጠየቀ አልነበረም። እናቴን ለብቻዋ ሳገኛት እውነቱን ነገርኳት። ታውቅ ነበር፤ ልጆቹ ነግረዋታል። ጊዜው አይደለም አለችኝ።

ወንድሜ ከሆስፒታል ሲወጣ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። አመጣጣቸው እግዜር ይማርህ ለማለት ነበር፤ ባለ ክራሯ ለፖሊስ ልታመለክት መሆኗን ሰምተው ነገሩ በቤት እንዲያልቅም ፈልገዋል። ወንድሜ እግሩን ትራስ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። የሽማግሌዎቹ መሪ ስለ ጀግንነቱ ብዙ ተናገሩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ በሬው እኔንም እንዳልማረኝና እግዚአብሔር ሁለታችንንም እንዳተረፈን ነገሩኝ።

«አባቴ፣ በሬው አልነካኝም» አልኳቸው። «አፌን የመታኝ ወንድሜ ነው። በሬው የገባው ከዚያ በኋላ ነው።»

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሰይጣን በመሃል ገብቶ እንጂ እንዲህ ያለ ልጅ እህቱን አይመታም አሉ። ወንድሜ ወለሉን እያየ አቋረጣቸው።

«ሰይጣን አይደለም» አለ። «እኔ ነኝ። ድሮም እመታታለሁ።»

እስከ ዛሬ ከአፉ የሰማሁት ይህን ብቻ ነው፤ ይቅርታ አልጠየቀኝም። ሽማግሌዎቹ ግን ቶሎ ብለው፣ ካመነ አልቋል፣ ተነሺና ሳሚው አሉኝ። ልጆቹን ስላተረፈ እንደማመሰግነው፣ ከእሱ ጋር አንድ ቤት ግን እንደማልኖር ነገርኳቸው። እናቴ ለዚያ ቃል ለረጅም ጊዜ አኮረፈችኝ። የተማርሽበትን ጉልበት ረሳሽ አለችኝ። አልረሳሁትም። የተመታሁበትም ያው ጉልበት ነው፣ እሱንም መርሳት አልቻልኩም።

ባለ ክራሯ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ቃሏን ሰጠች፤ እኔም ምስክር ሆንኩላት። ጉዳዩ ገና ሳይቋጭ ወንድሜ በእናቴ በኩል አዲስ ክራር ላከላት። የምትመልሰው መስሎኝ ነበር። ተቀበለችው፤ ክሱንም አልተወችም። ክራሩ ከድሮው ይሻላል አለችኝ፣ ጉንጯ ላይ ያለውን ጠባሳ እያከከች።

ኮሚቴው እርድ ከእንግዲህ ውጭ ነው ብሎ ወሰነ። ደም የነካቸውን መጻሕፍት ከተማሪዎቼ ጋር ለየን፤ የሚታጠበውን አጥበን፣ የማይሆነውን አቃጠልን። የመስቀል ሰሞን አልፎ ዝናቡ ሲያባራ ያልተጨረሰውን ዝግጅት አዲስ ማስታወቂያ ጽፌ ለጠፍኩ። የመጣው ሰው ክፍሉ አልበቃውም። ትንንሾቹ መጀመሪያ ላይ ከበሩ ርቀው ካልሆነ አንቀመጥም ብለው ነበር፣ ክራሩ ሲጀምር ግን ተጠጉ። ያቺ «ቲቸር» እያለች ስትጮህ የነበረችው ልጅ ግጥሟን ሳትሳሳት አለችው።

አሁን የምኖረው ሀና ማርያም አካባቢ ተከራይቼ ነው። ወንድሜ እግሩ ፍሪሲዮን መርገጥ ስለማይችል መኪናውን ትቶ ጀሞ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። እናቴን የምጠይቃት እሱ ሥራ ላይ በሚሆንበት ሰዓት ነው። ባለፈው ግን ከሥራ ቀድሞ ተመልሶ ኖሮ ደረጃው ላይ ተገናኘን። ሊወርድ ነበር፤ ሲያየኝ ቆመ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ መንገድ ለቀቀልኝ። ደህና መሆኔን ጠየቀኝ፣ ደህና ነኝ አልኩት። ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ በፍጥነት አለፍኩት፤ የእናቴን በር ሳንኳኳ ልቤ ገና ይመታ ነበር።